የሾላው ሥር አደራ

እናቶች ልጃቸውን ይዘው ገበያ ሲወጡ የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ብዙው ሰው ከመጽሐፍ የወጣች ይመስለዋል። መጽሐፍ ምን አገባው፤ የወጣችው ከባቡር ሐዲድ ላይ ነው፣ ያውም አራት ቦታ ተነክሳ።

ዛሬ ሣር የበቀለበት ያ ሐዲድ ገና እንደ መስታወት በሚያበራበት ዘመን፣ ጨፌ የምትባል ትንሽ ጣቢያ ነበረች። ከተማዋ ሰዓት አልነበራትም፤ ሰዓቷ ፉጨት ነበር። የጠዋቱ ባቡር ሲያፏጭ ወጥ ይጣዳል፣ የቀትሩ ሲያፏጭ ወጥ ይወጣል። ባቡሩ ያረፈደ ቀን አገር በሙሉ ያረረ ወጥ ይበላል። የፓፓያዋ ነገርማ አይወራ። አንዱን ፓፓያ ለመሸከም ሁለት ሰው፣ «ቀስ በሉ» ለማለት ደግሞ ሦስተኛ ሰው ያስፈልግ ነበር ይባላል።

ባቡሩ የሚቆመው አሥር ደቂቃ ነው። በዚያች አሥር ደቂቃ ባለተራው ሴት ሁሉ ፓፓያውንና ብርቱካኑን ተሸክሞ ከመስኮት መስኮት ይሮጣል። ሕፃናቱ ተራቸው ካልደረሰው ሴቶችና ከጣቢያው ሰው ጋር ከትልቁ ሾላ ሥር ይቀራሉ። እናት ስትነሣ «ዓይናችሁን» ትላለች፤ ከሾላው ሥር ያለው ሁሉ «በዓይናችን» ይላል። አደራው በቃ ይኸው ነበር። ያኔ ልጅ የመንደሩ ነው፤ ያገኘው ያጎርሰዋል፣ ያገኘው ይቆጣዋል።

ፓፓያ ሻጯ አሰገደች ግን ይህን አደራ አልለመደችውም። ልጇን ሽብሩን አዝላ ነበር የምትሸጠው። ሽብሩ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው። ከእናቱ ጀርባ ሆኖ የመንገደኛ ባርኔጣ ያነሣል፣ አንድ ቀን የአንድ ነጋዴ ጢም ይዞ ባቡሩን አስቆይቷል እየተባለ ይወራበታል።

ጎረቤቷ ይመኙሻል አንድ ቀን አላስችል አላት።

«አንቺ፣ ይህን ጎረምሳ እስከ መቼ ነው የምታዝይው? እስኪዳር ነው?»

«እግሩ አያርፍማ፣ ይሜ።»

«ሃምሳ ሰው ተቀምጦ አንድ ድንክዬ ማየት ያቅተዋል? አውርጂውና እንደ ሰው ሽጪ።»

ሴቶቹ ሳቁ። አሰገደች አፈረችና አንቀልባውን ፈታች። ሽብሩን ከሾላው ሥር አስቀምጣ «ዓይናችሁን» አለች። «በዓይናችን» የሚለው መልስ ከመብዛቱ የተነሣ ሾላው ራሱ የመለሰ መሰላት።

ባቡሩ ገብቶ ቆመ። ያን ቀን ጀርባዋ ቀለላት፤ ከማንም ቀድማ ሸጠች። ቅርጫቷን ባዶ አድርጋ ስትመለስ ባቡሩ ሊነሣ አፏጨ። ሾላው አለ፣ ሰው አለ፣ ሽብሩ የለም።

«ሽብሩስ?»

«አሁን እዚህ ነበር እኮ» አለች ብርቱካን ሻጯ። «ይሜ ታየዋለች ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ጋ ነው ብዬ» አለች ይመኙሻል።

የጣቢያው ዘበኛ አቶ ወልደየስ ዱላቸውን ተደግፈው «እኔማ በዓይኔ በብረቱ አየሁት» አሉ። «ወደ ባቡሩ ሲሄድ እናቱ ጋ ነው ብዬ ተውኩት።»

ሁሉም አይቶታል። ጉዱ ይኸው ነው።

ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። አሰገደች ቅርጫቷን ጣለች። ከፉርጎው ውስጥ ገብቶ ከሆነ ድሬዳዋ ነው፤ ከፉርጎው ሥር ከሆነ ግን... ሐሳቧ እስከዚያ አልሄድ አለ። ስሙን እየጠራች ከባቡሩ ጎን ሮጠች። መንገደኞቹ የምትሰናበታቸው መስሏቸው፣ የገዛ ፓፓያዋን እየበሉ እጃቸውን አወዛወዙላት። አንድ ፉርጎ አለፈ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሌላው መጣ። ያን ቀን ባቡሩ እንደ ሁዳዴ ረዘመ።

የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ሰው በማይወርድበት በኩል፣ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የሽብሩን እጀ ጠባብ ጨብጠዋል። ሽብሩ የሽማግሌውን እጅ እንደ አጥንት ይግጣል፤ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። ቀረብ ሲባል ዓይነ ሥውር ናቸው። በር ተሳስተው ነው በዚያ የወረዱት።

አሰገደች ልጇን መጀመሪያ ሳመችው፣ ቀጥላ ቂጡን ቸብ አደረገችው፣ ከዚያ እንደገና ሳመችውና ከሐዲዱ ጠጠር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«አባባ፣ ከየት አገኙት?» አለች ድምፅዋ ሲመለስ።

«እኔ የት አገኘዋለሁ፣ ልጄ። እሱ ነው ያገኘኝ። እንደ ወረድኩ ከፉርጎው ሥር ብቅ ብሎ እግሬን ረገጠኝ። ተመልሶ ሊገባ ሲል ልብሱን ጨበጥኩ።»

«ነክሶዎታል እኮ።»

«አራት ጊዜ። ጥርሱ ደኅና ነው፣ ይባረክ።»

«የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ» አለች ይመኙሻል፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«ልጅ መሆኑን አውቄያለሁ። የማን መሆኑን ባለቤቱ ስትመጣ ትንገረኝ ብዬ ቆምኩ።»

ሾላው ሥር የነበረው ሁሉ ሐዲዱን ተሻግሮ ከቧቸዋል። አቶ ወልደየስ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አሉ።

«ይገርማል፣ ጌታዬ። እዚያ ማዶ ሃምሳ ሰው እያየው ነበር።»

ሽማግሌው የተነከሰ እጃቸውን በጋቢያቸው እያሻሹ፣ «ሃምሳ ሰው መቶ ዓይን አለው፣ እውነት ነው፤ ልጅ ግን፣ መቶ ዓይን ከሚያየው አንድ እጅ የያዘው» አሉ።