ጨለማ ያልለመዱ ጫጩቶች

አንድ ወጣት የዶሮ ቤቱን በር ከፍቶ ደርቆ ቀርቷል። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ ነው። ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ጠፍቶ የነበረው መብራት በአምስት ደቂቃው ተመልሷል፤ የሰፈር ልጆች «መጣ!» እያሉ ይጮኻሉ። እሱ ግን ዓይኑን ከጥጉ ላይ መንቀል አቅቶታል። ጥጉ ላይ ጫጩቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለዋል፤ ቁልሉ ጉልበቱ ይደርሳል። ከላይ ያሉት ይንቀጠቀጣሉ። ከሥር ያሉት አይንቀሳቀሱም።

ወጣቱ ኢዮስያስ ይባላል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። እናቱ የታመመች እህቷን ልታስታምም ስትሄድ ሦስት መቶ ጫጩቶቿንና ትንሿን እህቱን ሰሎሜን አደራ ብላው ነበር። ለፋሲካ የሚደርሱት እነዚህ ጫጩቶች የቤቱ ተስፋ ናቸው።

ሸለምጥማጥ ገብቶ ነው ብሎ አሰበ። ተንበርክኮ አንገታቸውን አገላብጦ አየ። የጥርስ ምልክት የለም፤ ደምም የለም። ሽቦው አልተቀደደም። አንዲት ላባ እንኳ አልተነጨችም። ይታያችሁ፣ ሬሳው ሞልቷል፣ ገዳዩ የለም። እጁ ከዚያ በፊትም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ባሰበት።

መንቀጥቀጡ የመጣው ከጫት ነው። ከሦስት ወር በፊት ጓደኞቹ ለጥናት ያነቃሃል ብለው አስጀመሩት። በመጀመሪያው ሳምንት መጽሐፉ እንደ ውኃ ወረደለት፤ ምርቃናው ሲይዘው ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ የተመረቀም ይመስለው ነበር። ወር ሳይሞላ ካልቃመ አንድ መስመር ማንበብ አቃተው። ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ። ክዳን ሲወድቅ ከወንበሩ ይዘላል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያወሩ ካየ የሚያሙት እሱን ነው። እህቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው ይቆጣል፤ ቆይቶ ለምን እንደተቆጣ ራሱም አያውቅም።

ለጫጩቶቹም ያንኑ ዘዴ ተጠቀመ። መስኮቱን በጆንያ ደፈነ፣ አምፖሉን ቀን ከሌት አበራው። ያልተኛ ጫጩት ሲበላ ይውላል፣ ሲበላ ያድራል፣ ቶሎ ይደርሳል፤ ሒሳቡ ይኼው ነበር። ሠላሳ ዓመት ዶሮ እርባታ ውስጥ የሠሩት ጎረቤታቸው ጋሽ ቱሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አጥፋላቸው፣ ጨለማም ይልመዱ ብለውት ነበር። እሱ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የፈረንጅ ዶሮ ነው፤ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም» አላቸው።

አሁን ጋሽ ቱሉ የጫጩቶቹን ጩኸት ሰምተው በጓሮ በኩል መጡ። አንዷን ጫጩት አነሱ፣ ላባዋን እፍ ብለው ገልጠው አዩ፣ ቀስ አድርገው መልሰው አስቀመጧት።

«ምን ገደላቸው?» አለ ኢዮስያስ።

«ማንም አልነካቸውም። መብራት ጠፋ፣ ፈሩ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ወጣ። ታፍነው ነው።»

«በአምስት ደቂቃ ጨለማ?»

«ጨለማማ ምን ያደርጋል ልጄ? የእናት ክንፍ ሥርም እኮ ጨለማ ነው። እነዚህ አንድም ቀን አላረፉም። ማረፍ ያላወቀ፣ ሲደነግጥ መመለሻ የለውም።»

ሽማግሌው ዞር ሲሉ ሰሎሜን አዩዋት። አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ለሁለት የተሰበረ ሻማ ይዛለች። ነይ ቢሏት ወንድሟን አየችና ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ምን ሆነሽ ነው ቢሏትም የተሰበረውን ሻማ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

የተናገረው ኢዮስያስ ነው፤ እየተንተባተበ። መብራቱ ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ እያጠና ነበር፤ ልቡ ደረቱን ሊበሳው ደረሰ። የክፍሉ በር ላይ ጥላ አየ። ሊገድሉት የመጡ መሰለው። የመጥረጊያውን እንጨት ብድግ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ ሰነዘረ። እንጨቱ የበሩን መቃን መትቶ ተሰበረ። ጥላዋ ሻማ ይዛለት የመጣችው ሰሎሜ ነበረች። እንጨቱ ከራሷ አጠገብ ያለፈው በስንዝር ነው።

ይህን ሲናገር ነው የገባው። ዓይኑ ከቁልሉ ወደ እህቱ፣ ከእህቱ ወደ ቁልሉ ሄደ። ጫጩቶቹ መሐል ተቀመጠ።

ጋሽ ቱሉ አልተቆጡትም። አጠገቡ ቁጢጥ ብለው፣ በሕይወት ያሉትን አንድ በአንድ ከቁልሉ እያነሡ ለብቻ ማስቀመጥ ጀመሩ። እጃቸው ሥራውን ሳያቋርጥ ተናገሩ።

«ያ የምትቅመው ቅጠል እንዳትተኛ አደረገህ እንጂ አላጠነከረህም። ያላረፈ ልብ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ ሲፈራ ያገኘው ላይ ይወጣል። የተረፉትን ከነገ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ጨለማ እናስለምዳቸዋለን። አንተም ከነሱ ጋር ማረፍ ትለምዳለህ። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ለእናትህ እንነግራታለን፣ ሐኪም ዘንድም አብሬህ እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር መልስልኝ፤ አምስት ደቂቃ ጨለማ እህትህን ሊያሳጣህ ከደረሰ፣ ኑሮ ራሷ መብራቱን ያጠፋችብህ ቀን ማን ላይ ልትወጣ ነው?»