የመንገደኛው ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ፤ የጠየቅሽኝን የሚመልስልሽ እሱ ነው። ቤቱ ከገበያ መንገድ ዳር ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ይዘክራል። በአንድ ክፉ ዘመን፣ እሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲበላ ሲጠጣ፣ አንድ መንገደኛ ከአጥሩ ጥግ በረሃብ ሞቶ ተገኘ። ሰውየው ይህን አልረሳም። ከዚያ ወዲህ ዝክሩ ሲደርስ የመጀመሪያውን ድፎ ዳቦ ራሱ ተሸክሞ ከደጅ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያኖረዋል። የራበው አንስቶ ይሄዳል፤ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም። ሊሞት ሲልም ሁለት ልጆቹን ጠርቶ ይህ እንዳይቀር አደራ አላቸው።

ታላቁ መሬቱን በሙሉ ያዘ። ታናሹ ድርሻውን ሲጠይቅ፣ ሽማግሌዎች ፊት «አንተማ የተማርክ ነህ፤ በብዕርህ እረስ» አለው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ነገሩም በሳቅ አለቀ።

አደራውን ግን ታላቁ አላጎደለም። ዳቦው በየዓመቱ ይጋገራል፣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ውሻ እያነሳው፣ ያልራበውም እየቆረሰው ቢያስቸግር ድንጋዩን አስነስቶ ወደ ግቢው አስገባ፤ በሩንም ዘጋ። ከዚያ በኋላ ዳቦው ሳይነካ ይውላል። የቤቱ ልጆች ድንጋዩን ተሳልመው ያልፋሉ፤ ሲመሽ ዳቦውን ለበረከት ይካፈሉታል።

አንድ ኅዳር ታናሹ ከሥራው ተባሮ፣ እህል ሳይቀምስ በእግሩ መጥቶ በሩን መታ። ታላቁ በበሩ ስንጥቅ አየው። ካህናቱ ተቀምጠዋል፣ የመሬት ነገር ዛሬ አይነሳም አለው።

«ወንድም ጋሼ፣ መሬት አልጠየቅሁህም። ርቦኛል። ከድንጋዩ ላይ ቁራሽ ስጠኝ።»

«እሱ የመንገደኛ ነው። የአባታችንን ወግ አፍርስ ትለኛለህ?»

ሊያፌዝበት አልነበረም፤ ከልቡ ነው። በሩንም አልከፈተም። ሲመሽ ዳቦውን ቆርሶ ለልጆቹ አደለ። ትንሿ ልጁ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ልጄ፣ ድንጋዩን እንዳወቅሽው ፊትሽ ይነግረኛል። ያቺ ትንሽ ልጅ አንቺ ነሽ። «አባቴ ዝክሩን አጓድሎ አያውቅም፣ ታዲያ አንተ ለምን አትመጣም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እውነትሽን ነው፣ አላጎደለም። የአባትሽ ሃይማኖት እንደዚያ ድንጋይ ነው። ከአያትሽ ተቀብሎታል፣ ጠብቆታል፣ ውስጥ አስገብቶም ዘግቶበታል። በእኔና በእሱ መካከል ፍረጂ አልልሽም። ቤቱ ግን ነገ ያንቺ ነው። ድንጋዩን ወደ ደጅ የመለስሽ ቀን እመጣለሁ፤ ስሜን አትጠይቂኝ።