በቁልፍ የተጠበቀችው ተክል

«ማንንም የማያምን አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ አድማሱ።

ይህን ያሉት ምክር ሊጠይቃቸው የመጣው ስንሻው ጥያቄውን እንደ ጨረሰ ነው። የስንሻው እናት የምትኖረው ከሟች ወንድሙ ሚስት ጋር ነው። ሰሞኑን ሄዶ ቢያያት ከስታለች። የወንድሙ ሚስት እህል ትነፍጋታለች ብሎ ጠርጥሯል። ነገ መኪና ይዞ ሄዶ እናቱን ሊያመጣ፣ ሴትዮዋንም በሰፈሩ ፊት ሊያዋርዳት ቆርጧል። «ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» ነበር ጥያቄው።

ጋሽ አድማሱ ልክ ነህም፣ አይደለህምም አላሉትም። ታሪኩን ቀጠሉ።

ሰውየው አለማመንን የተማረው ገና በጉብዝናው ነው። አባትም እናትም አልነበሩትም። የጭነት መኪና ማራገፊያ ላይ ከረጢት እየተሸከመ አደገ። እዚያ «ወንድሜ» እያለ አብሮት የሚበላ ጓደኛ ነበረው። አንድ ክረምት ሰውየው ታሞ ሲተኛ፣ ያ ወንድሜ ባይ ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሲበላ ዙሪያውን እያየ፣ ሲተኛ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ኖረ።

እዚህ ላይ ጋሽ አድማሱ ገታ አሉ። «እኔም ያደግሁት እዚያው ማራገፊያ አካባቢ ነው፤ አልፈርድበትም» አሉ።

ሰውየው ቤት ሠራ፤ ሚስት አገባ። ልጅ አልወለዱም። በዕድሜው ሙሉ ያመነው ሰው ቢኖር ሚስቱን ብቻ ነው። እሷም ሞተች። ከእሷ የቀረች፣ ሕይወት ያላት ነገር አንዲት ተክል ናት። ዘሯ ዝናብ ከማይለየው ጫካ የመጣ፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ የተተከለች፣ ቅጠሏ እንደ መዳፍ የሰፋ፣ በላዩም በብሩሽ የተሳለ የሚመስል ነጭ መስመር ያለው። ሲመሽ ቅጠሎቿን ወደ ላይ ታጥፋለች፤ ሲነጋ ትዘረጋለች። ሚስቱ ልትሞት ስትል «እሷን አደራ» አለችው። ሌላ አደራ አልሰጠችውም።

ተክሏ የምትኖረው በጓሮ በኩል ባለችው የልብስ መተኮሻ ክፍል ነው። ሚስቱ ለምን እዚያ እንዳኖረቻት ጠይቋት አያውቅም። በሳምንት ሁለት ቀን አንዲት ልብስ አጣቢ ትመጣለች። ውኃ የምታፈላው እዚያ ነው፤ የበጋ አቧራ እንዳይበላው ልብሱን የምታሰጣውም እዚያው ገመድ ላይ ነው፤ የምትተኩሰውም እዚያው።

ጥር ላይ ሰውየው ከአንዷ ቅጠል ጫፍ ቡናማ ነገር አየ። ጥፍር የምታህል። ሌላ ሰው ቢሆን «ቅጠል ነው፣ ይደርቃል» ብሎ ያልፋል። እሱ ግን ማን ነካት አለ። ከእሱ በቀር ወደዚያ ክፍል የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ አየ። ሴትዮዋ ካውያውን አስቀመጠች። ከጣሳው ውኃ ጎረሰች። ወደ ተክሏ ዞራ «ፉፍ» አደረገችባት፤ ከዚያም ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

በሩን በርግዶ ገባ።

«ምንድን ነው የተፋሽባት?»

«በስመ አብ! አስደነገጡኝ። ውኃ ነው ጋሼ፤ ሸሚዝዎን የማረጥብበት ውኃ።»

«ምን እያልሽ ነበር?»

«‹አይዞሽ› ነዋ! እትዬ እንዲህ ነበር የሚሏት። ‹ሳትነፊባት እንዳትወጪ› ያሉኝም እሳቸው ናቸው።»

«የሞተ ሰው ምስክር አይቆጠርም።»

ሴትዮዋ ሸሚዙን አጥፋ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጥላዎንም ሳይፈትሹ አያስገቡም» አለች።

በዚያው ቀን አባረራት። ለጎረቤቱም «ደጋሚ ናት፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ወሬ እግር አለውና፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሴትዮዋን የሚያሠራ ቤት ጠፋ።

ሰውየው ተክሏን ተሸክሞ ሳሎን አገባት። ፀሐይ በሚመታው ትልቅ መስኮት ሥር አኖራት። ነፋስ እንዳይነካት መስኮቱን ዘጋ። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። ጠዋት አንድ ጆግ፣ ማታ አንድ ጆግ ውኃ በእጁ ያጠጣት ጀመር። ከማጠጣቱ በፊት አንድ አንድ ጉንጭ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ ካለበት እኔ ልቅደም ብሎ። ከልቡ ነበር።

ተክሏ ግን ከዳር ዳሯ ከሰለች። ቅጠሎቿ አንድ በአንድ እንደ ትንባሆ እየተጠቀለሉ ረገፉ። ከባልዲው የረግረግ ሽታ ይወጣ ጀመር። አሥራ አንድ የነበረው ቅጠል ሦስት ቀረ። አንድ ቅጠል በወደቀ ቁጥር ሰውየው «ይኸው! ሄዳም እጇ አልቀረም» ይላል። ቁልፉን ቀየረ። ጠበል ይዘው የመጡትን የንስሐ አባቱን እንኳ «ጠበሉን ማን ነው የቀዳው?» ብሎ ከደጅ መለሳቸው።

ከሦስቱ አንዱ መጠቅለል ሲጀምር ግን አደራው ከእጁ ሊወጣ መሆኑን አወቀ። ባልዲውን አቅፎ፣ ሚስቱ ተክሏን ወደ ገዛችበት ችግኝ ሻጭ ሄደ።

«ያስቀምጧት አባቴ፤ ልያት» አለ ሻጩ።

«እጄ ላይ እንዳለች እያት።»

«እንዲህ ሆና ማን ይሰርቅዎታል?» ብሎ ሻጩ ሳቀ። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከቶ አሸተተ። «ሥሯን በውኃ አጥለቅልቀዋታል፤ ቅጠሏን ደግሞ አስጠምተዋታል። ይህች አየሩ ካልረጠበላት አትኖርም። ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥር።»

«በእኛ በጋ አሥር ዓመት? የት ተቀምጣ?»

ሰውየው ስለ ክፍሏ ነገረው። ስለሚፈላው ውኃ፣ ገመድ ላይ ስለሚንጠባጠበው ልብስ፣ ካውያው እርጥቡን ጨርቅ ሲነካው ስለሚወጣው እንፋሎት። ሴትዮዋ ትነፋባት ስለነበረው ውኃ ለመናገር ግን አፉ አልታዘዘውም።

«እሱ ነዋ ያኖራት! ጫካዋ ያች ክፍል ነበረች።»

«መጀመሪያ ግን፣ ጥር ላይ፣ ጫፏ ደርቆ ነበር። ጥፍር የምታህል።»

«ጥር አየሩ ደረቅ አይደል? ጥፍር የምታህለዋን ቆርጠው ይጥሏታል። ከዚያ ክፍል ያወጣትን ሰው ነው እኔ መጠየቅ የምፈልገው።»

ሰውየው ባልዲውን እንዳቀፈ ወደ አጣቢዋ ሰፈር ሄደ። የልብስ ሳፋዋን ደፍታ በሯ ላይ ተቀምጣለች። በግቢው ውስጥ ሌሎች ሴቶች እህል ይለቅማሉ።

«አንቺ ዘንድ ትቀመጥልኝ» አላት።

«እኔ ዘንድ? ደጋሚዋ ዘንድ?» አለች፤ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ብትሞትብኝስ ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው?»

«ምንም አልልሽም። የበደልኩሽ እኔ ነኝ።»

«ለእኔማ አይንገሩኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ስሜን የሰጡት ለሰፈሩ ነው። ለሰፈሩ ይንገሩልኝ።»

ያ ሰው ሙሉ ስሙን እንኳ ለሰው የማይናገር ነበር። ወደ ለቃሚዎቹ ዞረ፤ እነሱም እጃቸውን ገቱ።

«ይህችን ሴት ደጋሚ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ያየሁት ውኃ ስትረጭ ነው። ሌላ ያየሁት የለም። ተክሏን ቆልፌ ያደረቅኋት እኔ ነኝ።» ሲጨርስ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ወደ ኋላም አንድ እርምጃ ሄደ።

ሴትዮዋ ወዲያው አልተነሳችም። ፊቱን አየችው፤ በተራዋ እሷ ጠርጥራዋለች። ኋላ ግን ተነስታ ባልዲውን ወደ ቤቷ አስገባች።

ጋሽ አድማሱ እዚህ ላይ አበቁ።

«ተረፈች?» አለ ስንሻው።

«አንድ ቅጠል ተረፈ። ከአንድ ቅጠልም መነሳት ይቻላል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ።» ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተ እናትህ ከስታ አየሃት። ያየኸው ይህን ብቻ ነው፤ ፍርድህ ግን መኪና ተከራይቷል። ማን አከሳት ብለህ መጣህ። ሰማንያ ያለፋት ሴት እስከ ዛሬ በማን እጅ ቆመች ብለህ ግን አልጠየቅህም። ማን ያጥባታል? ጠዋት ስትነሳ የማንን ስም ነው የምትጠራው? አታውቅም። አትጠርጥር አልልህም፤ እኔም እጠረጥራለሁ፣ አንተንም ጭምር። ነገ መኪናውን ተወውና በእግርህ ግባ። አንድ ሳምንት ተቀመጥ፤ ከሚበሉት ብላ። ክፉ ካየህ እናትህን አምጣት፤ እኔም አብሬህ እቆማለሁ። ካላየህ ግን በሴትዮዋ ላይ ልትል ያሰብኸውን ከአፍህ ሳይወጣ ዋጠው። ቸኩለህ ነቅለሃት እጅህ ላይ ብትጠወልግ፣ እናትህን አቅፈህ የምትሄድበት ችግኝ ሻጭ የለም።»