ሳድስን የዘለለችው ፍየል

ልጆቼ፣ «ተረት መጣ» ስላችሁ «እሰይ፣ ይግባ!» በሉኝ። እንዲያ ነው! ጠጋ ጠጋ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ አፍ ሳለው፣ ዝላይነሽ የምትባል ፍየል ነበረች። እግሯ መሬት አይነካም! የምትማረው ሾላ ዛፍ ሥር፣ የኔታ ኤሊ ዘንድ ነው። የኔታ ፊደልን በሰባት ቀን ነው የሚያስተምሩት። በመጀመሪያው ቀን «ሀ ለ ሐ መ»፣ በሁለተኛው «ሁ ሉ ሑ ሙ» እያሉ፣ በየቀኑ አንድ ተርታ።

ዝላይነሽ አምስት ቀን ተማረች። በስድስተኛው፣ በሳድስ ቀን፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ለምለም ቅጠል አየች።

ሾላው ላይ የተሰቀለው ደወል «ነይ! ነይ! ነይ!» አላት።

«አንተ እዚያው ተንጠልጠል!» አለችው።

መቀመጫዋ ድንጋይ «ኧረ ቀዘቀዝኩ፣ ነይ ተቀመጭብኝ» አላት።

«ፀሐይ ሙቅ!» አለችው።

የኔታ ኤሊ አንገታቸውን አስግገው «ልጄ፣ አትቅሪ» አሏት።

«የኔታ፣ ገደል የምዘል ልጅ አንዲት ቀን ብዘል ምን እሆናለሁ?» ብላ እብስ አለች።

በሰባተኛውም ቀን ቀረች። ስትዘል ስትዘል ከአንድ ዋሻ ደረሰች። ለካ ዋሻው ውስጥ አያ ጅቦ ገብቶበታል! እዚያ የምትኖረው ጃርት ስትሸሽ፣ አብረዋት በዋሻው የሚኖሩ ጎረቤቶቿም እንዲያመልጡ በሩ ላይ በከሰል «ውጡ!» ብላ ጽፋ ነበር። እነሱ አንብበው ወጥተዋል።

ዝላይነሽ ጽሑፉን አየችው። «ጡ»ን ታውቃታለች። የፊተኛዋን ግን አገላብጣ አየቻት። «ይቺማ ወ ናት፤ ጎኗ ላይ ዝንብ አርፎባት ነው። ወ... ጡ። ወጡ! ወጡ እዚህ ነው!» ምራቋን ዋጠች። ፍየል ወጥ ትበላለች ወይ አትበሉኝ፤ ያን ጊዜ ትበላ ነበር።

ዘው ብላ ገባች። «ወጡ የታለ?»

አያ ጅቦ በሩን ዘግቶ ተጋደመና ጥርሱን ብልጭ አደረገ። «ወጡማ አንቺ ነሽ፣ እሜቴ!»

ወደ ላይ ዘለለች፤ ጣሪያው ቀንዷን አላት። ወደ ጎን ዘለለች፤ ግድግዳ። ወደ በሩ ዘለለች፤ አያ ጅቦ!

«ዝለይ ዝለይ፣ ሥጋሽ ይላላልኛል» አላት።

ሾላው ሥር ደግሞ ድንጋዩ «ሁለት ቀን ሙሉ ባዶዬን! ኧረ ልጅቷን ፈልጉ!» ብሎ ጮኸ።

«እውነቱን ነው፤ አንድ ፊደል ሲጎድል ቃሉ ይበላሻል፣ አንድ ልጅ ሲጎድል ትምህርት ቤቱ» አሉ የኔታ። «ተነሱ! ትምህርታችሁን እያላችሁ ፈልጓት።»

የዚያ ቀን ትምህርት ሳብዕ ነው። ዝንጀሮው፣ ቆቋ፣ አህያዋ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ «ሆ! ሎ! ሖ! ሞ!» እያሉ በዋሻው በኩል መጡ።

አያ ጅቦ ጆሮውን ቀሰረ። «ሆ!» የሚለውን ሲሰማ «ወይኔ! አገር ሆ ብሎ መጣብኝ!» አለና ጅራቱን ወትፎ ፈረጠጠ።

ጓደኞቿ ዋሻው ውስጥ ገብተው ዝላይነሽን ከበቧት። የኔታ ዘግይተው ደረሱ፤ ኤሊ አይደሉ! በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያሳዩ «እስቲ አንብቢው» አሏት።

«ወ...»

«ው» አሉ የኔታ። «ውጡ።»

«እንዲህ ከሆነማ የኔታ፣ ቶሎ እንውጣ!» ብላ ሁሉንም ቀድማ ወጣች። ጓደኞቿ መሬት ላይ ተንከባለው ሳቁ።

ለዚህ ነው «ትምህርት ቤት የቀረ፣ ጅብ ቤት አደረ» የሚባለው። በሉ፣ ተረቱን ለእናንተ፣ ነገ ጠዋት እናንተን ለትምህርት ቤት!