የሐጂ ሙደሲር ልብስ ማጠቢያ ማሽን

ጀመዓ፣ ዛሬ ስለ አማና፣ ስለ አደራ ላውራችሁ። ስለ ወርቅና ስለ መሬት አይደለም፤ ጥፍር ስለምታክል አንዲት የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው።

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከመስጂዱ በስተጀርባ፣ መሰርሰሪያና መጋዝ የሚጠግኑ ሐጂ ሙደሲር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ አናጢው ይማም መሰርሰሪያውን ታቅፎ መጣ። መሰርሰሪያው ቀስ ማለት እምቢ ብሎ፣ ገና ሲነካ እንደደነበረ በቅሎ እየፈረጠጠ ጣውላ ይሰነጥቃል። ይማም ደግሞ ለልጁ ኒካህ የሚሠራው አልጋ አላለቀም፤ ነገ አማቾቹ ቤት ካልደረሰ ሙሽሮቹ መሬት ሊተኙ ነው።

ሐጂ ፈቱት። ፍጥነቱን የምትቆጣጠረው ባለ ሦስት እግሯ ትራያክ ተቃጥላለች። ሳጥናቸውን ሲፈትሹ አንዲት ትራያክ ተገኘች፤ መልኳም እግሯም ቁርጥ የተቃጠለችውን ነው፣ የምትሸከመው ኃይል ግን ግማሹን ብቻ።

“ልክክ አለች እኮ ሐጂ፤ ይግጠሙልኝ።”

“ትገባለች እንጂ አትችልም። አልጋው ሳያልቅ ትነዳለች።”

“እንግዲያው ዱዓ ያድርጉባት።”

“ዱዓውን ላንተ አደርጋለሁ። እሷ የሚያስፈልጋት አቅም ነው።”

እኔ ብሆን ገጥሜ እሸኘውና ሲመለስ “ቀደር ነው፤ አላህ የወሰነው” እለው ነበር። ሐጂ ግን በከተማው የሚሸጥ ሌላ ስለሌለ ሱቁን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጃቸው ከጅዳ በላከው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ያለችው ትራያክ ከተቃጠለችውም የበለጠ ትሸከማለች። ችግሩ ማሽኑ የባለቤታቸው የእመት ዘሃራ የዓይን ብሌን መሆኑ ነው።

ሐጂ ጉዳዩን ሳይደብቁ ነገሯቸው። እመት ዘሃራም፣ “ይውሰዱ። ሰደቃው ግን የእርስዎ ይሁን፤ ሌላ እስኪያስመጡ ድረስ አጣቢው እርስዎ ነዎት” አሉ።

አልጋው በቀኑ ደረሰ። ጁምዓ ዕለት ይማም ሊያመሰግን ቢሄድ፣ ሐጂ ደጃፋቸው ላይ ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብለው፣ እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ገብተው አንሶላ ያሻሉ። ከመስጂድ የሚመለሰው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። ይማም በሐፍረት ቀልጦ እጁን ወደ ሳፋው ሰደደ። ሐጂ ከለከሉት።

“ተወው ልጄ። የማትችለውን ትችላለች ብዬ ሰጥቼህ ነገ አላህ ፊት ከምጠየቅ፣ ዛሬ እዚህ ካልሲ ባጥብ ይቀለኛል።”

እኛ ዕቃ ስንሸጥም ሰው ስንሾምም “ገባ ወይ?” እንላለን እንጂ “ይችላል ወይ?” አንልም። ደግሞ አንሳቅ፤ ብዙዎቻችን ከቤታችን አንስተን ስንሰጥ ምስጋናው ለእኛ፣ ድካሙ ለሚስታችን ነው። ወንድሜ፣ ሰደቃ ልትሰጥ ስትነሳ መጀመሪያ እጅጌህን ሰብስብ።