የመምህር አስናቀ ቦርድ

በኛ ሰፈር ሰው በሰው ላይ ለመፍረድ ሲጣደፍ ጣል የምትደረግ አንዲት አባባል አለች። የጥንት ትመስላለች እንጂ መነሻዋ መዳፍ የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ናት ብል ማን ያምነኛል?

መምህር አስናቀ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ታላቅ እህታቸው እትዬ ብርቄ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ በር ሲንኳኳ አይሰሙም። የማኅበራቸው ሴቶች ሁለት ጊዜ መጥተው፣ አንኳኩተው አንኳኩተው ተመለሱ። እነሱ "ብርቄ ኮራች" ይላሉ፤ እሳቸው ደግሞ "ሰው ረሳኝ" እያሉ ቤት ውስጥ ያለቅሳሉ። በመጨረሻ ሴቶቹ "እሑድ እንሞክራት፤ ካልከፈተች ከማኅበሩ ትውጣ" ብለው ቆረጡ። ይህን የሰሙት መምህር አስናቀ በር ሲመታ ብልጭ የሚል መብራት ልሥራ ብለው ተነሡ።

ቦርድ ነድፈው አያውቁም። ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፍ ሲያገላብጡ፣ ሲስሉ ሲሰርዙ ሰነበቱ፤ ምግብ እንኳ እየረሱ። ኤሌክትሪኩ የሚሄድባቸውን መስመሮች የቦርዱን አንድ ገጽ በሸፈነው መዳብ ላይ በማርከር ሳሉ፣ አሲድ ውስጥ ነከሩት፣ ያልተቀባው መዳብ ተበልቶ መንገዶቹ ብቻ ቀሩ። ቦርዱን በሳስተው ጥቃቅን ዕቃውን በየዱበት። ባትሪ ቢሰጡት ዝም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የቀድሞ ተማሪያቸው ወደሆነው ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ጥጋቡ ይዘውት ሄዱ።

"መምህር፣ ይህን ሲስሉ ከየት ሆነው ነው ያዩት?"

"ከላይ ነዋ። ካርታ ከየት ይታያል?"

ጥጋቡ ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ዕቃው ከላይ ይቀመጣል፣ መዳቡ ግን ከሥር ነው። ከላይ ያዩትን እንዳለ ከሥር ሲስሉት ቀኙ ግራ ሆነ። የአይሲው፣ የዚህ ባለብዙ እግር ጥቁር ዕቃ፣ እግሮች አንዱ የሌላውን ቦታ ረግጧል።"

ነገ እሑድ መሆኑ ትዝ አላቸው። "እንግዲህ ልጣለው?"

"ለምን ተብሎ? ዕቃውን ነቅለን በመዳቡ በኩል እናስቀምጠው፤ ያኔ ቀኙ ቀኝ ይሆናል። አይሲው ተቃጥሎ ይሆናል፤ እኔ አዲስ እሰጥዎታለሁ።"

እሑድ ሴቶቹ መጥተው በሩን መቱ። መብራቱ ብልጭ አለ፤ እትዬ ብርቄ ተጣድፈው ከፈቱ። ጆሯቸው መድከሙን ነግረው መብራቱን ሲያሳዩአቸው ሴቶቹ ተያዩ።

"የኮራሽብን መስሎን እኮ ነው" አለች አንዷ፣ አፍራ።

እትዬ ብርቄ ከንፈሯን አይተው ገባቸው። ወንድማቸው የቦርዱን ጉድ ጽፈው አስነብበዋቸው ነበርና ሳቅ አሉ። "ወንድሜ ቦርዱን ከላይ ብቻ አይቶ ተሳሳተ፣ እናንተ ደግሞ በሬን ከውጭ ብቻ አያችሁ። ግቡ፣ ግቡ፤ ከእንግዲህ ግን ፊቱን ያየ ጀርባውን ይጠይቅ።"