አይብ በቸኮሌት ለእማማ ዘርፌ

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» ብላችሁ ከመለሳችሁልኝ ልክ ናችሁ፤ ነገሩ በረት ድረስ ይወስደናል። የሚጀምረው ግን ከእማማ ዘርፌ አልጋ ነው።

እማማ ዘርፌ አንድ ልጃቸውን ይርዳውን ከቀበሩ አምስት ቀናቸው ነው። ከውሃ በቀር ምንም በአፋቸው አልዞረም። ነርሷ መጥታ «ፕሮቲን ያለው ነገር ካልቀመሱ አይነሱም» ብላ ሄዳለች። የሟች ሚስት ማስተዋል አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ትለምናለች።

«እማማ፣ እህል ይቅመሱ። ምን ልሥራልዎት?»

«ምንም። ያ ልጄ የሚሠራልኝ አይብ በቸኮሌት ቢሆን እንኳ...» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይርዳው ኬክ ቤት ነበር የሚሠራው። የእናቱ ጥርስ ካለቀ ወዲህ አይቡን እስኪልም በማንኪያ አሽቶ፣ ማርና የካካዎ ዱቄት ጨምሮ ያጎርሳቸው ነበር። ዱቄቱ በቆርቆሮው አለ፤ ማሩም አለ። አይብ የለም። ቀኑ ደግሞ ሐሙስ ነው፤ እማማ ዘርፌ ቢሞቱ የዓርብ ጾም አይሽሩም። ማስተዋል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

«እትዬ በለጡ፣ አይብ ይሽጡልኝ» አለች ላም ያላቸው ጎረቤቷ ደጅ ቆማ። «አይብ ከሌለ እማማ አይበሉም፤ ካልበሉ ይሞቱብኛል።»

«ልጄ፣ ያለ ወተት ምን አይብ አለ? ዳለቻዋ ላሜ ጥጃዋ ከሞተባት ወዲህ አልታለብ ብላለች። የጥጃዋን ቆዳ ጭድ ሞልተን ብናቆምላት እሱን እየላሰች ትታለብ ነበር። ቆዳውን ግን ጋሽ ቦጋለ ወስዶታል።»

ማስተዋል ወደ በረቱ አየት አደረገች። ላሚቱ ሣሩን ትታ ባዶውን ጥግ ታያለች። ዓይኗን መልሳ ቶሎ ሄደች።

ጋሽ ቦጋለ የቆዳ በርጩማ የሚሠራ ሰው ነው። «ጋሽ ቦጋለ፣ ቆዳውን ይስጡኝ። ቆዳው ካልቆመ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ አይብ የለም፤ አይብ ከሌለ እማማ አይበሉም፤ ካልበሉ ይሞቱብኛል።»

«ይኸው፣ ግድግዳው ላይ ነው። ባዶ ቆዳ ግን አይቆምም። ጭድ አምጪና እኔው ሞልቼ እሰፋልሻለሁ። በሰፈሩ ጭድ የቀረው ሽብሩ ቤት ብቻ ነው።»

ሽብሩ ሲባል ማስተዋልን ወደ ቤቷ መመለስ ቃጣት። ሽብሩና ይርዳው በአጥር ድንበር ተኳርፈው ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ነው ይርዳው የሞተው። ሽብሩ ቀብር አልወጣም፤ ለቅሶም አልደረሰም። ለቅሶ ያልደረሰ ጎረቤት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ እኔ አፌን አላበላሽም።

ሄደች እንጂ ምን ታድርግ። «አቶ ሽብሩ፣ ጭድ ይስጡኝ። ጭድ ከሌለ ቆዳው አይቆምም፤ ቆዳው ካልቆመ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ አይብ የለም፤ አይብ ከሌለ እማማ አይበሉም፤ ካልበሉ ይሞቱብኛል።»

ሽብሩ የጭዱን ክምር ተደገፈ። «ክምሩን እንዳለ ብትወስጂው አይቆጨኝም» አለ። «ግን በምን ፊቴ? ከእማማ ጋር ሳላለቅስ የሰጠሁት ከጉሮሯቸው ይወርዳል? ሦስት ቀን በራችሁ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ና ይበሉኝና ላልቅስ። ያኔ ጭዱ የናንተ ነው።»

ነገሩ ዞሮ ዞሮ እማማ ዘርፌ ዘንድ ተመለሰ። ማስተዋል አልጋው ሥር ተንበረከከች። «እማማ፣ አልሆነልኝም። ሽብሩ ሳያለቅስ ጭድ አልሰጥም አለ፤ ጭድ ከሌለ ቆዳው አይቆምም፤ ቆዳው ካልቆመ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ አይብ የለም፤ አይብ ከሌለ እርስዎ አይበሉም፤ ካልበሉ...»

እማማ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። «ላሚቱ ምን ሆና ነው?»

«ጥጃዋ ሞቶባት።»

«ሣር ትበላለች?»

«ትታዋለች።»

«እኔን» አሉ እማማ ዘርፌ። ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። «በይ ያን ሰው ጥሪው። ልጄም ቢሆን ኩርፊያውን መች ወደደው።»

ሽብሩ መጣ። ደጃፉ ላይ ተደፍቶ «ወንድሜን!» እያለ አለቀሰ። ከቀብሩ ወዲህ ደርቆ የነበረው የእማማ ዕንባም መጣ፤ ሁለቱ እስኪበቃቸው አለቀሱ።

ሽብሩ ሲያለቅስ ጭዱ ተሰጠ፤ ጭዱ ሲሰጥ ቆዳው ተሞልቶ ቆመ፤ ቆዳው ሲቆም ላሚቱ አሸተተችው። ጭድ ጭድ ይላል። ጥጃዋ አለመሆኑን አላወቀችም አትበሉኝ። ግን ላሰችው፤ እየላሰች ታለበች። እትዬ በለጡ ወተቱን አፍልተው ሎሚ ጨመቁበት፤ ረግቶ አይብ ሆነ። ማስተዋል በማንኪያ አሸችው፤ ከዚያው ማር፣ ከዚያው ካካዎ ጨመረችበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለእማማ ዘርፌ ቀረበ።

እማማ አንድ ማንኪያ ቀመሱና አፋቸው ውስጥ አቆዩት።

«የእሱ አይደለም» አሉ።

ማስተዋል አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ዋጡት፤ ደግመውም ጎረሱ። ሦስተኛውን ማንኪያ ሞልተው ወደ እሷ ዘረጉ።

«አንቺስ ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እህል ያልቀመስሽው?»

አምስት ቀን ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ማስተዋል አፏን ከፈተች፤ ዕንባዋ ከአይቡ ጋር አብሮ ወረደ።

ተረቴን መልሱ። ለእኔ ዳቦው ይቅርብኝ፤ ሰው ለማብላት ስትሯሯጥ ሳትበላ የዋለች ካለች፣ እሷን አጉርሱ።